ከወንዙ ጋር የሚሄደው አፈር ስንት ነው? የደረቅ ወንዞችን ደለል በጥቂት መረጃ ስለመገመት



በአሽዶድና በአካባቢዋ የምትኖሩ ሁሉ ናሐል ላኪሽን ታውቁታላችሁ። ከኬብሮን ተራሮች ተነሥቶ፣ በቂርያት ጋት አጠገብ አልፎ፣ የናሐል ጉቭሪንንና የናሐል ሀኤላን ውሃ ተቀብሎ፣ በዓድ ሀሎም ድልድይ ሥር አድርጎ በአሽዶድ ወደ ባሕር የሚገባው ወንዝ ነው። ተከዜን ወይም አንገረብን እያየ ላደገ ሰው ግን ይህን «ወንዝ» ብሎ መጥራት ይከብደዋል። ወደ ባሕሩ ከሚጠጋው ክፍል በስተቀር ብዙው አልጋው በበጋ ደረቅ ነው፤ ድንጋይ፣ ሸምበቆና አቧራ ብቻ ይታይበታል። በዕብራይስጥ «ናሐል» ከሚባሉት መካከል በደቡብ ያሉት አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው። በመዝሙረ ዳዊት 126 ላይ የሚነሡት የነገብ ፈሳሾችም እነዚሁ ናቸው።

የክረምቱ ዝናብ ሲመጣ ግን ያ ደረቅ አልጋ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይሞላል። በአገራችን «ደራሽ» የምንለው ውሃ ማለት ነው። ውሃው ወተት የበዛበት ቡና ይመስላል፤ ባሕሩም ወንዙ በገባበት በኩል መልኩን ይለውጣል። ያን መልክ የሰጠው ከላይ ካለ ማሳ፣ ከተራራ ጥግ፣ ከመንገድ ዳርና ቤት ከሚሠራበት ቦታ ታጥቦ የመጣ አፈር ነው።

ስንት አፈር ነው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን ብዙ ገንዘብና አንዳንዴም የሰው ሕይወት ይወስናል። ግድብ የሚሠራ መሐንዲስ ግድቡ በስንት ዓመት በደለል እንደሚሞላ ማወቅ አለበት። በ1957 በወጣው የውሃ ማፋሰሻ ሕግ መሠረት የተቋቋሙት የእስራኤል የናሐሎችና የማፋሰሻ ባለሥልጣናት የወንዙን አልጋ መቼና ምን ያህል መጥረግ እንዳለባቸው ማወቅ አለባቸው፤ በደለል የሞላ አልጋ ውሃውን ወደ ሰፈር ይመልሳልና። በወገራ ወይም በበለሳ ያለ ገበሬ ደግሞ ልጁ ከዚህ መሬት ይበላ እንደሆነ ለማወቅ ይፈልጋል። እኛ የሁለቱም አገር ሰዎች ስለሆንን ጉዳዩን ከሁለቱም በኩል ማየት እንችላለን። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የደረቅ ወንዝ ችግሩ

ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ ላይ አንድ ሰው በየቀኑ መጥቶ ውሃ ይቀዳል፤ ደለሉን ይመዝናል፤ ቁጥሩን ይመዘግባል። ደረቅ ወንዝ ላይ ይህ አይሆንም። ጎርፉ የሚመጣው በዓመት ጥቂት ጊዜ ነው፤ ሲመጣ ሌሊት ሊሆን ይችላል፤ ሰው ሰምቶ እስኪደርስ ያልቃል። ኃይለኛ ሲሆን መለኪያውንም ነቅሎ ይወስደዋል። ስለዚህ በዓለም ላይ ያሉት ደረቅ ወንዞች አብዛኞቹ ምንም መዝገብ የላቸውም።

እስራኤል ግን እንዲህ ያሉ ወንዞችን በትዕግሥት ከለኩ ጥቂት አገሮች አንዷ ናት። በኤላት አጠገብ በዓመት 30 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ በሚዘንብበት ናሐል ያዔል በሚባል ትንሽ ሸለቆ፣ የኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲው አሸር ሺክ በ1960ዎቹ አጋማሽ መለኪያ ተከለ። ምንም ጎርፍ ሳይመጣ የሚያልፍ ዓመትም ነበረ፤ እርሱ ግን ሥራውን ለአሥርት ዓመታት ቀጠለ። በሰሜን ነገብ ደግሞ የቤን ጉርዮን ዩኒቨርሲቲው ዮናታን ላሮን ከእንግሊዛዊው ኢያን ሪድ ጋር በናሐል ያቲርና በናሐል ኤሽተሞዓ አልጋ ውስጥ ከላይ ክፍተት ያላቸው ሣጥኖች ቀበሩ። ጎርፉ የሚያንከባልለው ጠጠር በክፍተቱ ወደ ሣጥኑ ይወድቃል፤ ከሥሩ ያለው መሣሪያ ክብደቱን በየደቂቃው ራሱ ይመዘግባል። ሰው መገኘት አያስፈልገውም።

ውጤቱ በ1993 ሲታተም ብዙ ባለሙያዎችን አስገርሟል። ዓመቱን ሙሉ ከሚፈስ ወንዝ ጋር ሲነጻጸር፣ የበረሃው ደራሽ ጠጠር የማንከባለል ብቃቱ እስከ 400 እጥፍ ይደርሳል። ምክንያቱ ሲነገር ቀላል ነው። ሁልጊዜ የሚፈስ ውሃ ትናንሹን ጠጠር ቀስ በቀስ ጠርጎ ስለሚወስድ፣ በአልጋው ላይ የሚቀረው ትልልቁ ድንጋይ ከሥሩ ያለውን እንደ ጋሻ ይከላከላል። በደረቅ ወንዝ ግን ያ ጋሻ አይሠራም፤ ትንሹም ትልቁም ተደባልቆ ስለሚቀመጥ ደራሹ ሲመጣ ሁሉንም ይዞ ይነሣል።

ሌላም ነገር አለ። ብዙ የሚዘንብበት አገር ብዙ አፈር የሚታጠብ ይመስለናል። ላንግባይንና ሹም የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1958 የብዙ ወንዞችን መዝገብ ሲያወዳድሩ ግን፣ ከሁሉ በላይ ደለል የሚወጣው በዓመት ወደ 300 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ ከሚያገኝ መሬት ሆኖ አገኙት። ከዚያ በታች ሲሆን የሚያጥበው ውሃ ያንሳል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ሣሩና ዛፉ አፈሩን ይይዘዋል። ከቤር ሸቫ እስከ ቂርያት ጋት ባለው አገር የሚዘንበው በዚሁ ቁጥር ዙሪያ ነው። የዚያ ሁሉ አገር ጎርፍ ደግሞ በላኪሽ፣ በሺቅማና በቤሶር ሸለቆዎች በኩል ወደ እኛው የባሕር ዳርቻ ይመጣል።

የአፈሩን ቀለም የጠየቀው ቀመር

መለኪያ በሌለበት ቦታ ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙት አንድ የታወቀ ቀመር ነው። ዊሽማየርና ስሚዝ የተባሉ አሜሪካውያን ከብዙ የሙከራ ማሳዎች፣ የአንዱ ማሳ የአንድ ዓመት ውጤት እንደ አንድ ተቆጥሮ ከ10,000 በላይ መዝገብ ሰብስበው በ1965 አወጡት፤ በ1978 አሻሻሉት። አሠራሩ ስድስት ቁጥሮችን እርስ በርስ ማባዛት ነው፦ የዝናቡ ኃይል፣ አፈሩ በቀላሉ የመታጠብ ጠባዩ፣ የተዳፋቱ ርዝመት፣ የቁልቁለቱ መጠን፣ በላዩ ያለው ሰብል ወይም ሣር፣ በመጨረሻም ገበሬው መሬቱን የሚንከባከብበት ዘዴ። ብዜቱ ከአንድ ሄክታር በዓመት የሚታጠበውን አፈር በቶን ይሰጣል። (አንድ ሄክታር በእኛ አቆጣጠር አራት ጥማድ ገደማ ነው።)

ችግሩ አሜሪካኖቹ ለየቁጥሩ ብዙ መረጃ ይጠይቃሉ። የዝናቡን ኃይል ለማወቅ ዝናቡ በየደቂቃው ምን ያህል እንደጣለ የሚመዘግብ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ የአፈሩን ጠባይ ለማወቅ ቤተ ሙከራ ያስፈልጋል። በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ገጠር ይህ የት ይገኛል?

በዚያን ጊዜ ሀንስ ሁርኒ የሚባል ስዊዘርላንዳዊ የጂኦግራፊ ባለሙያ በስሜን ተራሮች፣ ማለትም የብዙዎቻችን ቤተሰብ በተነሣበት አገር፣ የአፈሩን መታጠብ ያጠና ነበር። ከ1981 ጀምሮ ደግሞ የበርን ዩኒቨርሲቲና የኢትዮጵያ ግብርና ሚኒስቴር በጋራ በያዙት የአፈር ጥበቃ ምርምር ውስጥ መሪ ሆኖ ሠራ። በወሎ ማይባር፣ በሸዋ አንዲት ጥድ፣ በጎጃም አንጀኒ፣ በሐረርጌ ሁንዴ ላፍቶና በሌሎችም ቦታዎች መለኪያዎች ተተከሉ። ሁርኒ ከዚያ በመነሣት በ1985 ያን የአሜሪካ ቀመር ለኢትዮጵያ አሳጥሮ አቀረበው። በእኔ አስተያየት በዚህ ዘርፍ ከተሠሩት ሥራዎች ብልህነት ከታየባቸው አንዱ ነው፤ የሌለውን መሣሪያ ከመመኘት ይልቅ በእጁ ያለውን ተጠቀመበትና።

የደቂቃ ዝናብ መለኪያ ከሌለ የዓመቱ ዝናብ ይበቃል አለ። የዓመቱን ዝናብ በሚሊ ሜትር ወስደን በ0.562 እናባዛለን፤ ከዚያ 8.12 እንቀንሳለን። ቤተ ሙከራ ከሌለ ደግሞ የአፈሩ ቀለም ይጠየቅ አለ። ጥቁር አፈር 0.15፣ ቡናማ 0.20፣ ቀይ 0.25፣ ቢጫ 0.30። የትኛውም ገበሬ ማሳው ቀይ ይሁን ጥቁር ሳይጠይቁት ይነግራችኋል። ለሰብሉም እንዲሁ ቁጥር አወጣ፦ ጤፍ 0.25፣ ስንዴ፣ ገብስና ጥራጥሬ 0.15፣ ማሽላና በቆሎ 0.10፣ ጥቅጥቅ ያለ ደን 0.001።

እስቲ አብረን እናስላው። ማሳችን በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ዝናብ ያገኛል እንበል፤ የዝናቡ ኃይል 666 ይመጣል። አፈሩ ቡናማ ነው፣ 0.20። ውሃው ሳይቋረጥ የሚወርድበት ርዝመት 20 ሜትር ነው፣ ቁጥሩ 1። ቁልቁለቱ በ100 ሜትር 15 ሜትር ይወርዳል፣ ቁጥሩ 1.6። የተዘራው ጤፍ ነው፣ 0.25። ገበሬው ቁልቁል ሳይሆን አግድም ያርሳል፣ 0.9። ሁሉን ስናባዛ በዓመት ከአንድ ሄክታር 48 ቶን ያህል ይወጣል። በውፍረት ሲታሰብ ከማሳው ላይ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ መግፈፍ ማለት ነው። ትንሽ ይመስላል፤ በ25 ዓመት ግን 10 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ በቀጭን አፈር ላይ ያ ማሳው ሁሉ ነው።

አሁን አንድ አንድ ቁጥር እንቀያይር። በጤፉ ፋንታ ማሽላ ቢዘራ 48ቱ ወደ 19 ይወርዳል። ጤፍ ለምን እንዲህ አስቸገረ? መሬቱ ብዙ ጊዜ ታርሶ፣ ልሞ፣ በከብት ተረግጦ ይዘራል፤ የሐምሌ ዝናብ ሲወርድ ማሳው ገና ባዶ ነው። እናቶቻችን ለእንጀራ የሚመርጡት እህል አፈሩን ከሁሉ የበለጠ የሚያስከፍል መሆኑ ያሳዝናል። ወይም ደግሞ ጤፉን እንተወውና እርከኑን እናፍርሰው፤ ውሃው በ20 ሜትር ፋንታ 80 ሜትር ሳይቋረጥ ቢወርድ፣ የርዝመቱ ቁጥር 1.9 ይሆንና 48ቱ ወደ 91 ቶን ይወጣል። እርከን የሚሠራው ለምን እንደሆነ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ይሁን እንጂ ቀመሩ የማያየው ብዙ ነገር አለ። ቦረቦርን አይቆጥርም፤ ወንዙ ዳርቻውን ሲንድ አይቆጥርም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከማሳው የተነሣው አፈር የት እንደደረሰ አይነግረንም። በነገብ ዓይነት አገር ተጨማሪ ድክመት አለው፤ የዓመቱ ዝናብ በሁለትና በሦስት ማዕበል ተጠቃሎ በሚወርድበት ቦታ፣ ሁለት ዓመቶች እኩል ዘንቦባቸው አንዱ ምንም ሳያጥብ፣ ሌላው ሸለቆውን ሊጠርግ ይችላል። የደጋው ቀመር እንዳለ ወደ ቆላና ወደ በረሃ ሲወሰድ ያሳስታል።

130 ወይስ 42?

ልዩነቱ የወረቀት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ በኢትዮጵያ የሆነውን እነሆ። ከታላቁ ረኃብ ጋር በተገጣጠመ ጊዜ፣ ከ1984 እስከ 1986፣ በተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት አማካይነት ስለ ኢትዮጵያ ደጋማ አገሮች ትልቅ ጥናት ተደረገ። ጥናቱ ከደጋው በየዓመቱ 1.9 ቢሊዮን ቶን አፈር ይታጠባል አለ፤ ከእርሻ መሬት ደግሞ በአማካይ ከአንድ ሄክታር 130 ቶን። በዚሁ ከቀጠለ እስከ 2010 ድረስ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ማሳ እንደሚያጣም አስጠነቀቀ። የእነ ሁርኒ ጣቢያዎች ያገኙት የእርሻ መሬት አማካይ ግን 42 ቶን ነበረ። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ አንድ አገር ነው፤ ልዩነቱ ሦስት እጥፍ ነው።

በዚያ ትልቅ ቁጥር ፍርሃት የተነሣ በደርግ ዘመን ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር እርከን በጥድፊያ፣ በምግብ ለሥራ ተሠራ። ስንዴና ዘይት ተቀብላችሁ ድንጋይ የተሸከማችሁ አንባቢያን ትኖራላችሁ። ጠቃሚ የሆነው ብዙ ነው። ግን የትኛው ማሳ አስቸኳይ እንደሆነ ሳይለይ፣ ገበሬውም ሳይጠየቅ፣ በሁሉም ቦታ በአንድ መልክ ስለተሠራ፣ በ1991 መንግሥት ሲለወጥ በብዙ ቦታ ገበሬው ራሱ አፈረሰው። እርከኑ ማሳውን አጥብቦበት፣ የአይጥ መኖሪያም ሆኖበት ነበር። በ1995 የዓለም ባንክ ባወጣው ግምገማ፣ ቦየና ካስልስ የተባሉ ባለሙያዎች የቀድሞው ጥናት ጉዳቱን አብዝቶ እንደገመተ ጻፉ፤ ከአንዱ ማሳ የታጠበው አፈር አብዛኛው ከታች ባለው ማሳ፣ በአጥር ሥር፣ በሜዳው ላይ ይቀመጣልና። የላይኛው ገበሬ ያጣውን የታችኛው አገኘው ማለት ነው። ለላይኛው ግን ይህ ምን ያጽናናዋል?

ይህን በራሳችን ሂሳብ ማየት እንችላለን። ጥቁር ዓባይ ሱዳን ድንበር ላይ ሲደርስ በዓመት ወደ 140 ሚሊዮን ቶን ደለል ይዞ እንደሚወጣ ይገመት ነበር። ተፋሰሱ ወደ 176,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ስናካፍለው ከአንድ ሄክታር 8 ቶን ገደማ ብቻ ይደርሰዋል። በእርሻው ላይ 42፣ በድንበሩ ላይ 8። ተፋሰሱ ሁሉ እርሻ ባይሆንም፣ የቀረው አፈር ብዙው በመንገድ ላይ ነው ያለው። ስለዚህ አንድ ሰው «የአፈሩ መታጠብ ይህን ያህል ነው» ብሎ ሲነግራችሁ፣ መጀመሪያ የምትጠይቁት «የት ቆመህ ለክተህ?» ብላችሁ ይሁን። ማሳው ላይና ወንዙ መውጫ ላይ የተለካው አንድ አይደለም።

በነገራችን ላይ፣ አስዋን ላይ ታላቁ ግድብ ከ1964 ጀምሮ ውሃውን እስኪይዝ ድረስ ያ ደለል እስከ ሜዲትራኒያን ይደርስ ነበር። የአሽዶድ የባሕር ዳር አሸዋ አብዛኛው ዓባይ ያመጣውና የባሕሩ ሞገድ በሲና ዳርቻ በኩል እየገፋ እዚህ ያደረሰው ነው። ከነጩ አሸዋ ጋር የተደባለቁት ጥቋቁር ከባድ ቅንጣቶች የብዙዎቹ ምንጭ የኢትዮጵያ ደጋ እሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ከእኛ ቀድመው ነው የመጡት።

አፈሩ የቆመበትን መፈለግ

ቀመሩ ከላይ፣ ከማሳው ይነሣል። ሁለተኛው መንገድ ከታች መነሣት ነው፤ አፈሩ የቆመበትን ቦታ ፈልጎ መለካት። ለደረቅ ወንዝ ከዚህ የተሻለ ዘዴ ያለ አይመስለኝም። ግድብና ኩሬ ሌሊትም ቀንም የማይተኙ መዝጋቢዎች ናቸው።

ትንሽ ኩሬ እንውሰድ። ውሃ የሚመጣለት ተፋሰስ 5 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ማለትም 500 ሄክታር ነው እንበል። ከተሠራ 10 ዓመቱ ነው። በበጋ ሲደርቅ ገብተን በተለያየ ቦታ እስከ ቀድሞው መሬት ድረስ ጉድጓድ እንቆፍራለን። ደለሉ በአማካይ 60 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አለው፤ ኩሬው አንድ ሄክታር ነው። 6,000 ሜትር ኩብ ደለል ማለት ነው። ልኩ በታወቀ ጣሳ አፈሩን ቆርጠን፣ አድርቀን ስንመዝነው አንድ ሜትር ኩብ 1.2 ቶን ሆነ። ጠቅላላው 7,200 ቶን፣ በዓመት 720 ቶን፣ ከአንድ ሄክታር 1.44 ቶን። ጎርፍ ሞልቶ ሲፈስ ይዞት የወጣ አፈርም አለ፤ ኩሬው ከሚመጣው አምስት እጅ አራቱን ብቻ ይይዛል ብንል 1.8 ቶን ይሆናል። ይህን ሁሉ ለማግኘት ያስፈለገው አካፋ፣ ሜትር፣ ሚዛንና የሁለት ቀን ሥራ ነው።

ጉድጓዱ ሌላም ነገር ያሳያል። እያንዳንዱ ደራሽ መጀመሪያ አሸዋውን ያስቀምጣል፤ ውሃው ከተረጋጋ በኋላ ደቃቁ ጭቃ በላዩ ይሰፍራል። ስለዚህ የጉድጓዱ ግድግዳ እንደ ድርብርብ ቂጣ ሆኖ ይታያል፤ አንዱ ድርብ አንድ ጎርፍ ነው። ብዙ ጊዜ ከጠቅላላው ግማሹ የአንድ ወይም የሁለት ኃይለኛ ጎርፍ ሥራ ሆኖ ይገኛል። ለዚህ ነው በደረቅ ወንዝ ላይ የሦስት ዓመት ልኬት አማካይ ነው ተብሎ ሲቀርብ የማልቀበለው። ያ ትልቁ ጎርፍ በሦስቱ ዓመት ውስጥ ከመጣ ቁጥሩ ይጋነናል፤ ካልመጣ ያንሳል።

ትልልቆቹ ግድቦችም ይህንኑ ይናገራሉ። ለጎንደር ከተማ የመጠጥ ውሃ የሚያቀርበው የአንገረብ ግድብ በደለል መሞላቱ ከተማውን ውሃ አሳጥሮታል። ከስሜንና ከወገራ የሚነሡት ወንዞች በመጨረሻ በሚገቡበት በአትባራ ወንዝ ላይ፣ ሱዳኖች በ1964 የሠሩት የኸሽም ኤል ጊርባ ግድብ ውሃ የመያዝ አቅሙን ከግማሽ በላይ በደለል አጥቷል። በጥቁር ዓባይ ላይ ደግሞ ከ2020 ጀምሮ ውሃ የያዘውና በመስከረም 2025 የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ አሁን ያን ሁሉ ደለል በሆዱ ይቀበላል። ከጥቂት አሥርት ዓመታት በኋላ ወለሉ ሲለካ፣ ስለ ኢትዮጵያ ደጋ እስከ ዛሬ ያልተገኘ ትክክለኛ ቁጥር ይሰጣል ብዬ አስባለሁ።

ኩሬም ግድብም በሌለበት ሌሎች ምልክቶች አሉ። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ኃያላን መንግሥታት አቶም ቦምብ በአየር ላይ ሲሞክሩ፣ ሴሲየም 137 የሚባል ንጥረ ነገር ከዝናብ ጋር በዓለም ሁሉ ወረደ፤ ከፍተኛው በ1963 ነበር። በአፈር ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ በ30 ዓመት ገደማ ግማሹ ብቻ ስለሚጠፋ ዛሬም ይለካል። ካልታረሰ ሜዳ ጋር ሲነጻጸር ሴሲየሙ ያነሰበት ማሳ አፈሩ ተወስዶበታል፤ የበዛበት ተጨምሮለታል። የዛፍ ሥርም ይናገራል፤ ዛፉ ሲበቅል ሥሩ ከአፈር ውስጥ ነበረ፤ ዛሬ ክንድ ያህል ከመሬት በላይ ከቆመና የዛፉ ዕድሜ ከታወቀ ሂሳቡ ቀላል ነው።

ፎቶግራፍም አለ። በ1868 እንግሊዞች ዐፄ ቴዎድሮስን ሊወጉ ወደ መቅደላ ሲዘምቱ ፎቶ አንሺዎች አብረው ነበሩ። ቤልጅጋዊው ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ እነዚያን ፎቶዎች ይዘው በሰሜን ኢትዮጵያ ያንኑ ቦታ ፈልገው እንደገና አነሡ፤ ውጤቱንም በ2009 አወጡ። ብዙዎች «ድሮ ሁሉም ደን ነበር፤ አሁን ጠፋ» ይላሉ። ፎቶዎቹ ያሳዩት ግን፣ በ1868 ብዙው ተራራ አስቀድሞ የተራቆተ እንደነበረና እርከንና ክልክል በተሠራባቸው ቦታዎች ዛሬ ዛፉ እንደበዛ ነው።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ ነገር በተለይ ለእኛ ማኅበረሰብ ማለት እፈልጋለሁ። መሣሪያ በሌለበት ቦታ ባለሙያዎች የገበሬውን ምስክርነት እንደ መረጃ ይመዘግባሉ፦ ይህ ቦረቦር መቼ ተከፈተ? ምንጩ የት ነበር? ያ ማሳ ስንት ቁና ያወጣ ነበር? በስሜን፣ በጠለምት፣ በወገራ፣ በበለሳና በደምቢያ ያረሱ አባቶችና እናቶች ዛሬ በአሽዶድ፣ በቂርያት መላኪና በቂርያት ጋት አሉ። ከአገር ከወጡ 35 ወይም 40 ዓመት ሆኗቸዋል፤ ስለዚህ የሚያስታውሱት መሬት ያን ዘመን እንደነበረ ሳይደባለቅ በአእምሯቸው ተቀምጧል። በርስት ተከልክለው በሰው መሬት ላይ እየከፈሉ ያረሱ ስለነበሩ፣ ገበሬው የራሱ ባልሆነ መሬት ላይ እርከን ለምን እንደማይሠራም ከማንም በላይ ያውቃሉ። ልጆች፣ የቤተሰብ ታሪክ ስትጠይቁ ስለ ማሳውም ጠይቁ፤ ቀለሙን፣ ቁልቁለቱን፣ የሚዘራበትን። ከላይ ባሰላነው ቀመር የአያታችሁን ማሳ ማስላት ትችላላችሁ።

ስለ ሳተላይት ካርታ

ዛሬ ብዙ ነገር በነፃ ይገኛል። በ2000 ከመንኮራኩር የተለካው የምድር ከፍታ ካርታ፣ ከ2008 ጀምሮ በነፃ የተለቀቁት የላንድሳት ፎቶዎች፣ ከ2015 ወዲህ ሴንቲኔል የሚባለው የአውሮፓ ሳተላይት የሚያነሣቸው። አንድ ተማሪ ወንበሩ ላይ ሆኖ የናሐል ላኪሽን ወይም የአንገረብን ተፋሰስ በቀይና በአረንጓዴ ቀለም አስጊጦ ካርታ ያወጣል። ጥሩ ነው። ነገር ግን አንድም ኩሬ ሳይቆፈር፣ አንድም ገበሬ ሳይጠየቅ የወጣ ካርታ ቀለሙ ያማረ ግምት ብቻ ነው። የትኛው ኮረብታ ከየትኛው የባሰ እንደሆነ ለመለየት ሊረዳ ይችላል፤ «48.37 ቶን» ሲል ግን አትመኑት። እንዲህ ባለ ሥራ ውስጥ የታመነ ባለሙያ «ከ30 እስከ 70» ይላል፤ በሁለት በማይገናኙ ዘዴዎች፣ ለምሳሌ በቀመርና በኩሬ፣ አስልቶ መልሱ ሲቀራረብ ብቻ ደፍሮ ይናገራል።

ከልጆቻችሁ ጋር መሞከር ለምትፈልጉ አንድ ቀላል መንገድ አለ። ወደ ናሐል ግን ጎርፍ ባለ ጊዜ አትሂዱ፤ ዳሩም ላይ አትቁሙ። ሚያዝያ 26 ቀን 2018 በናሐል ጻፊት 10 ወጣቶች በደራሽ ውሃ ሕይወታቸውን አጥተዋል። ይልቅ ዝናብ ሲዘንብ ከሰፈራችሁ መንገድ ዳር፣ ቤት ከሚሠራበት ቦታ በኩል ከሚወርደው ውሃ አንድ ሊትር ቅዱ። ጠርሙሱን ሁለት ቀን አስቀምጡት። ከላይ ያለውን ጥሩ ውሃ በቀስታ ደፍታችሁ፣ የቀረውን ጭቃ በሳህን ላይ አድርቃችሁ በወጥ ቤት ሚዛን መዝኑት። 10 ግራም ከሆነ፣ በአንድ ሜትር ኩብ ውሃ ውስጥ 10 ኪሎ አፈር ነበረ ማለት ነው። በሰከንድ 20 ሜትር ኩብ ውሃ የሚያወርድ ጎርፍ ይህንኑ ያህል ቢይዝ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ 720 ቶን አፈር ወደ ባሕር ያወርዳል።